የሰሜኑ ግድግዳ

ማክሰኞ፣ መስከረም 6 ቀን 1951 ዓ.ም.

ይህን ደብተር ከሳሊህ ሱቅ የወሰድኩት የተሰበረ መስታወትና የላላ ማጠፊያ ልመዘግብበት ነበር። የሐኪም ቤት ሕንፃ ኃላፊ ሥራው ይኸው ነው፤ የጎደለውን መጻፍ። ዛሬ ግን ስለ መስታወት የምጽፍበት ልብ የለኝም።

ዋርዱ ሃያ አራት አልጋ አለው። ጠዋት ስቆጥር አርባ ሦስት ሰው ተኝቶበታል። አንዱ አልጋ ላይ ሁለት ሰው፣ በአልጋዎቹ መካከል በሰሌን፣ ከበሩ ጀርባ እንኳ አንድ ሽማግሌ ጉልበታቸውን አቅፈው። ሁሉም ከቆላ የመጡ ናቸው፤ ከዲምቱ፣ ከቤሌ። ክረምቱ ወጣሁ ሲል ወባው ገባ። የኦቶና ሆስፒታልም ሞልቷል ይላሉ።

ዶክተሩ ቢሮው ጠራኝ። እሱ ከመጣ ገና ዓመቱ ነው፤ ቤቱ ሲሠራ አልነበረም። "ቤቱን የነደፈው ኢንጂነር አንድ ነገር ነግሮኛል" አለ። "ሰው ሲበዛ የሰሜኑ ግድግዳ ይወጣል፣ ዋርዱ ወደ ሜዳው ይረዝማል ብሏል። ይኸው ሰው በዛ። በዚህ ሳምንት ክፈተው።"

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ።

ረቡዕ፣ መስከረም 7

ፕላኑን ከስቶር አወጣሁት። ጥጉን አይጥ ቀምሶታል እንጂ መስመሩ እንዳለ ነው። ጥቁሩ መስመር የተሠራው ቤት ነው። ከሰሜኑ ግድግዳ ወዲያ በነጠብጣብ የተሠመረ ሌላ ዋርድ አለ፤ ከእሱ ወዲያ ሌላ፣ እስከ ባሕር ዛፎቹ ድረስ። ወጥ ቤቱም፣ የውኃ ጋኑም፣ የልብስ ማጠቢያውም በደቡብ በኩል የተደረጉት የሰሜኑ ሜዳ ባዶ እንዲቆይ ነው።

ኢንጂነሩ ያኔ "የሚመጣውን በሽታ አላውቀውም" ይለኝ ነበር። "ዛሬ ወባ ነው፣ የዛሬ ሃያ ዓመት ሌላ ነው። የዛሬን ብቻ አስቤ ብጨርሰው የሚመጣውን ሰው እበድለዋለሁ። ስለዚህ ሳልጨርሰው እሄዳለሁ።" ልብስ ሰፊ የልጅ ሱሪ ሲሰፋ ጫፉን አጥፎ እንደሚተወው ነው፤ ልጁ ሲያድግ እጥፋቱ ይለቀቅለታል። ያን ጊዜ እኔ ይህችን ምሳሌ ባገኛት ኖሮ ብዙ ነገር ይቀር ነበር።

አስተርጓሚውም ጸሐፊውም እኔ ነበርኩ። ኢንጂነሩ የፈለገው ቀላል ነገር ነው፤ ጣሪያውን ሁለት የዝግባ ምሰሶና አንድ አግዳሚ ይሸከሙታል፣ ግድግዳው በመካከላቸው የሚቆም ሸክም የሌለበት መከለያ ይሆናል፣ በሚፈለግበት ቀን ይወጣል። እኔም በፕላኑ ላይ በቀይ ቀለም አማርኛውን ጻፍኩበት። አሁንም ይነበባል። *የሚፈርስ ግድግዳ።*

የግንበኞቹ አለቃ አባቴ ነበሩ። አንጁሎ ሲባል ሶዶ ውስጥ የማያውቃቸው የለም፤ በጣልያን ጊዜ ድንጋይ መጥረብ ተምረው የጸሎት ቤቱን ያቆሙ፣ የከተማውን ግማሽ መሠረት የጣሉ ሰው ናቸው። አማርኛ የሚያነቡት እየቆጠሩ ነው። ጣታቸውን አስኬዱ፤ የ፣ ሚ፣ ፈ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

"ሰው ጠላቱን ሲረግም ነው ቤትህ ይፍረስ የሚለው" አሉ በቋንቋችን። "የእኔን ልጄ በቀለም ጽፎ አመጣልኝ።"

ግንበኞቹ ሳቁ። እኔም ተማርኩ ባይ፣ በሰው ፊት ላስረዳቸው ጀመርኩ። እንግሊዝኛው እንዲህ ነው፣ ሥርዓቱ እንዲህ ነው አልኩ። አባባ እስክጨርስ ጠበቁኝ። "በቤታችን የከብቶቹ መከለያ ጥጃ ሲወለድ ይነሳል፣ ላም ስትሸጥ ይመለሳል። አንድ ቀን ፈረሰ ብለነው አናውቅም። *የሚነሳ* ብለህ ብትጽፍ እጅህ ይሰበር ነበር?" አሉ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረው ሁለቱን ምሰሶ ወደ ስቶር መልሱ አሉ። "የእኔ ግንብ ምርኩዝ አያስፈልጋትም።"

በማግስቱ ቆርቆሮ ላመጣ ሻሸመኔ ተላክሁ። መኪናው ተበላሽቶ፣ መንገዱ ጨቅይቶ አሥራ ስድስት ቀን ቆየሁ። ስመለስ ግድግዳው አልቋል፤ ጥርብ ድንጋይ፣ መገጣጠሚያው በስሚንቶ ተለስኖ። የጣሪያው እንጨት ላዩ ላይ ወጥቷል። ምሰሶ የሚባል አይታይም። ኢንጂነሩ አዲስ አበባ ታሞ ተኝቶ ስለነበር በእሱ ፈንታ ወረቀቱ ላይ ፈረምኩ። *በፕላኑ መሠረት ተሠርቷል።*

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ግድግዳው ከተነካ ጣሪያው አርባ ሦስት በሽተኛ ላይ ይወርዳል። እውነቱን ብናገር ደግሞ አባባ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ሐኪም ቤት ያታለሉ ሰው ይባላሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ግድግዳ አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። የምጨነቀው ለእሳቸው ነው። ስለ ራሴ ፊርማ አይደለም።

ዓርብ፣ መስከረም 9

ለኢንጂነሩ ደብዳቤ ጻፍኩ። መልሱ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ይሄዳል። ዶክተሩን ቆርቆሮ የለም አልኩት፤ ሳሊህ ጨርሷል አልኩት።

ሳሊህን አልጠየቅሁትም።

ሰኞ፣ መስከረም 12

ዛሬ ስቶሩን አጽድተን ዋርድ አደረግነው። ኢንጂነሩ ለዕቃ ቤት ሁለት ትልልቅ መስኮት ሲያወጣለት "ማሽላው ንፋስ ይፈልጋል እንዴ" ብለን ስቀንበት ነበር። አሁን ገባኝ። በሩም ልክ እንደ ዋርዱ ሰፊ ነው፣ አልጋ ሳይጋደም ይገባል። አሥራ አንድ ሰው ያዘልን። የእኔም ቢሮ ለእናቶች ተሰጠ፤ ጠረጴዛዬን በረንዳ ላይ አወጣሁት። ሲስተር የማርያምወርቅ፣ የአዲስ አበባዋ ዋና ነርስ፣ "አቶ ዳና፣ እግዚአብሔር ይስጥዎ" አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ማታ ላይ በረንዳው ደግሞ ሞላ።

ከቤሌ የመጣች ሰገነት የምትባል ሴት አለች። ባሏን ጩማን ከጠረጴዛዬ አጠገብ አስተኝታ ላቡን ትጠርጋለች። ውስጥ ቦታ የለም ብለዋታል። "ከዚያ ግድግዳ ማዶ ምን አለ?" አለችኝ።

"ሜዳ ነው።"

"ሜዳው የማነው?"

"የሐኪም ቤቱ ነው።"

አየችኝ። ጨርቋን ነክራ ወደ ባሏ ዞረች።

ሐሙስ፣ መስከረም 15

ጉድ ሆኜ ዋልኩ። ሳሊህ በራሱ አህዮች አርባ ቅጠል ቆርቆሮ ጭኖ ግቢው ውስጥ ገባ። ዶክተሩ ቆሟል፣ ሲስተር ቆማለች።

"አቶ ዳና፣ ሳሊህ ቆርቆሮ ጨረሰ ብለሃል አሉ። ሱቄ የፊት ለፊቱ ብቻ መሰለህ እንዴ? መጋዘን እኮ አለኝ" አለ እየሳቀ። "ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማህም? አንድ ጊዜ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? የእህቴ ልጅም እኮ እዚሁ በረንዳችሁ ላይ ናት።"

የሚስቅ መስሎኝ ነበር። ዓይኑ ግን አልሳቀም።

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። እሱ ሲቆጣ ድምፁ ይቀንሳል። "እንግዲህ የቀረን ምንድነው?" አለኝ።

ዝናቡ፣ አልኩት። ዝናቡ ያባራ። በዝናብ ግድግዳ አይከፈትም። ሲስተር የማርያምወርቅ "ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፣ እኛ ከተቃጠለም በኋላ ቅጠሉን እየመረጥን ነው" አለች፣ ወደ ሥራዋም ሄደች።

እሑድ፣ መስከረም 18

ጊፋታ ነው፣ የእኛ ዘመን መለወጫ። ሌላ ጊዜ ከተማው የዘመድ መንገድ ይሆን ነበር። ዘንድሮ ሰው የሚሄደው ወደ ሐኪም ቤት ነው።

አባባ የሉም። ከግንበኛው ከጋሽ ቦልቴ ጋር ዲምቱ የጸሎት ቤት መሠረት ሊያወጡ ከወረዱ ሦስት ሳምንታቸው ነው። በዚህ ወባ ወደ ቆላ አይውረዱ ብዬ ሰው ልኬባቸው ነበር። "ልጄ ሐኪም ቤት ውሎ ሐኪም ሆነ እንዴ" ብለው መለሱልኝ። ይህን ስሰማ ትንሽ ሳቅሁ።

ባለቤቴ ሽታዬ የተቀቀለ የቦይና ሥር እያቀረበች "ሰውነትህ አልቋል። ምን ሆነሃል?" አለች። ሁሉንም ነገርኳት። የፈረምኩትን ብቻ አስቀረሁ።

እስክጨርስ ሰማችኝና "ለምን አባትህን አትጠይቃቸውም?" አለች።

"ምን ብዬ? ሌብነትዎን ይንገሩኝ ብዬ?"

"የግድግዳው ነገር እንዴት ነው ብለህ። ይኸው ነው እኮ።"

አንቺ አይገባሽም አልኳት። ልጅ አባቱን ተነስቶ አይመረምርም። እሷ ሳህኑን አነሳች። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" አለች፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ አልለየሁም።

ረቡዕ፣ መስከረም 21

ጩማ ሞተ። ኪኒኑን ወስዷል፣ ዶክተሩም አይቶታል፤ ግን ዝናቡ ከጎን እየገባ ሁለት ቀን ሲመታው ነበር። ሰገነት ጋቢውን አጥፋ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። "ለሌላ ሰው ይሁን፣ እዚህ ብርድ ነው" አለችኝ።

ነገ ለዶክተሩ እነግረዋለሁ።

ሐሙስ፣ መስከረም 22

ዶክተሩ ቀዶ ጥገና ላይ ዋለ። አልተመቸም።

ቅዳሜ፣ መስከረም 24

አባባን በቃሬዛ አመጧቸው። ከዲምቱ ድረስ ስምንት ሰው እየተቀያየረ። ፊታቸው እንደ አመድ ሆኗል፣ ጥርሳቸው ይንቀጠቀጣል። መዶሻቸውን ግን ከጎናቸው አስረው ነው የመጡት።

ሲስተር የማርያምወርቅ ሮጣ መጣች። "አባትዎ ናቸው፤ አንዱን ሻል ያለውን አውጥተን እናስገባቸዋለን" አለችኝ። እኔ ሳልመልስ እሳቸው መለሱ፣ ወንድና ሴት በምታምታታ በዚያች አማርኛቸው። "አይሆንም ሲስተር። አንተ ጥሩ ልጅ ነህ። ግን እሱ ከእኔ ቀድሞ መጣች።"

ሲስተር ከብዙ ቀን በኋላ ፈገግ አለች። ከዚያ ፊቷን አዙራ ዓይኗን ጠረገች።

በበረንዳው ሰሜን ጫፍ፣ የግድግዳው ማዕዘን በሚታይበት ቦታ አስተኛናቸው። ቦታውን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። ሽታዬ ቡልኮ አመጣች።

እሑድ፣ መስከረም 25

ትኩሳቱ ጠዋት ለቀቅ አደረጋቸው። ቀና ብለው ተቀምጠው በረንዳውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ሠላሳ ያህል ሰው አለበት። "ይህ ሁሉ ሰው ደጅ የሚያድረው፣ ግድግዳዋን ለምንድነው የማትከፍቷት?" አሉኝ።

ሊፈትኑኝ ነው ብዬ አሰብኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ስለ እሷ ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነው።

"ዝናቡ ያባራ ብለን ነው አባባ።"

"ዝናቡ ካባራማ ለምን ትከፈታለች?"

ቡልኮውን አስተካከልኩላቸው። እጄን ያዙኝ፤ የግንበኛ መዳፍ ነው፣ ታሞም ይሻክራል።

"ዳና፣ የምትጠይቀኝ ነገር የለህም?"

"የለኝም። ይረፉ።"

ትንሽ ጠበቁኝ። ከዚያ እጄን ለቀቁና ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ። አሳፍሬያቸው ይሆን? አይ፣ ዝም በማለቴ ደግ አድርጌያለሁ። የታመመን ሰው ጥፋቱን ያናዝዙታል እንዴ?

ማክሰኞ፣ መስከረም 27

ዝናብ። ቀኑን ሙሉ። ሸራ ወጠርን፣ ንፋሱ ቀደደው። አባባ ያስላሉ።

ረቡዕ፣ መስከረም 28

ሲስተር አልጋ ተለቀቀ አለች። አባባ ለሳሊህ እህት ልጅ ለሳዲያ ሰጡት። "እሷ ገና ያላየችው ብዙ ነው" አሉ።

ዶክተሩ ደረታቸውን አዳመጠ። ወባው ሳይሆን ሳንባው ነው አሁን የሚያሰጋው፣ ደረቅ ቦታ ይፈልጋሉ አለኝ። ሲናገር እኔን አላየኝም፣ የሚያየው ግድግዳውን ነው።

ሐሙስ፣ መስከረም 29

ትኩሳቱ ተመለሰ። ይቀባጥራሉ። ዲምቱ ያሉ መስሏቸዋል መሰለኝ፣ ስለ ድንጋይ ብቻ ነው የሚያወሩት። "ከቀይዋ ጀምሩ። ከላይ፣ በግራ፣ ቀይዋ። ድጅኖ አታንሱባት። ሁለት ሰው ይበቃል፣ ግማሽ ቀን" ይላሉ። ደጋግመው፣ ደጋግመው። እሺ አባባ፣ ከቀይዋ እንጀምራለን እላቸዋለሁ፣ ለሕፃን እንደሚባለው።

"ልጄ ጽፎታል" አሉ ደግሞ። ያ ቃል እስከዛሬ ከሆዳቸው አልወጣም ማለት ነው። በዚህ ልቤ ተሰበረ። በጉልበቴ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቃቸው አስቤ ነበር። ሰው ብዙ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1

አባባ ዛሬ ከጥዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አረፉ።

ሽታዬ አጠገባቸው ነበረች። እኔ የተቀደደውን ሸራ እየሰፋሁ ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ቀበርናቸው። ሰዉ ከጸሎት ቤቱ እስከ መቃብሩ ደረሰ። መዝሙር ተዘመረ። አንዱ ሽማግሌ "የአንጁሎ ግንብ አይናወጥም" ብለው ሲናገሩ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ለዶክተሩ ነገርኩት። ሲስተር የማርያምወርቅም ነበረች፣ የመድኃኒት ቤቱም ሰው ነበር።

እንዴት እንደተናገርኩ እዚህ በትክክል እጽፋለሁ። "ጣሪያው ግድግዳው ላይ ነው ያለው" አልኩ። "ምሰሶዎቹ አልገቡም። አባቴ ናቸው እንዲያ የሠሩት።" አባቴ ናቸው አልኩ። በሕይወት ሳሉ ስማቸውን ልጠብቅ ስንት ቀን የቆየሁ ሰው፣ በተቀበሩ ማግስት ጥፋቱን ለእሳቸው ሰጠሁ። ቀለለኝም። ስለ ፊርማዬ የተናገርኩት መጨረሻ ላይ ነው።

ዶክተሩ "መቼ ነው ያወቅኸው?" አለኝ።

"ከሁለት ዓመት በፊት።"

"እኔ የጠየቅሁህ መስከረም ስድስት ቀን ነው" አለ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። "ጣሪያውን በባሕር ዛፍ ደግፈህ ክፈተው። ሰዎቹን ለአንድ ቀን ወደ ጸሎት ቤቱ እናዛውራቸዋለን።"

ሲስተር የማርያምወርቅ በበሩ ስትወጣ "እንዲህ ያለ ነገር ከእሳቸው አይጠበቅም" አለች። እሷ የምታውቃቸው ለአንድ ሳምንት ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ዛሬ የሆነውን ከመጀመሪያው እጽፈዋለሁ።

ጠዋት በሽተኞቹን አወጣን። አሥራ ሁለት የባሕር ዛፍ ድጋፍ አቆምኩ፣ ከሚያስፈልገው በላይ። ጋሽ ቦልቴ መጡ፤ አባባን ከዲምቱ ያመጧቸው፣ የአርባ ዓመት የሥራ ጓደኛቸው። ድጋፉን አይተው "ይህ ሁሉ ደን ምን ያደርጋል?" አሉ። እሳቸው ነገሩን ያውቁ እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። ድጅኖ ይዤ ወደ ግድግዳው ስቀርብ "ተው እንጂ፣ ድጅኖ አታንሳባት" አሉኝ።

ይህን ቃል ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ።

ወደ ላይ አየሁ። በግራ በኩል፣ ከጣሪያው ሥር፣ ከሌሎቹ ጥቁር ድንጋዮች መካከል አንዲት ቀይ ድንጋይ አለች። ሁለት ዓመት በዚያ ሥር ስመላለስ አይቻታለሁ፣ ለጌጥ ነው ብዬ አልፌያታለሁ። ጋሽ ቦልቴ መሰላል ላይ ወጥተው በሁለት እጃቸው ያዟት፣ ትንሽ ወዘወዟት፣ ወጣች። ስሚንቶው ፊቱ ላይ ብቻ ነው። ውስጡ ጭቃ ነው፣ በእጅ የሚለቅ። ከቀይዋ ጀርባ አግዳሚው ታየ። ዝግባ ነው፣ ምስጥ እንዳይነካው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ተቀብቶ። ከአግዳሚው ሥር የምሰሶው ራስ፣ ተጠርቦ፣ ልክ እንደ ፕላኑ።

ድንጋዮቹ ተራ በተራ ወረዱ። ሁለት ሰው ነበርን። ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ሁለቱ ምሰሶ ብቻ ቀሩ፣ በመካከላቸው ሜዳው ወለል ብሎ ታየ። ጣሪያው ጭራሽ አልተነቃነቀም። የእኔ አሥራ ሁለት ድጋፍ አንዱም ሸክም አልነካውም።

ሜዳው ላይ ተቀመጥኩ። አልቅሻለሁ። ሰው አይቶኛል፣ ይየኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ጋሽ ቦልቴ ነገሩኝ። እንዳሉት እጽፈዋለሁ።

"አንተ ሻሸመኔ በሄድክ በሦስተኛው ቀን ወደ ስቶር ሄደ። አንዱን ምሰሶ በትከሻው ተሸክሞ መጣ፣ ሌላውን እኔ። ምነው፣ ምርኩዝ አያስፈልጋትም ብለህ አልነበረም? አልኩት። 'አስቤ አየሁት፣ የከብቱ መከለያ ነው። ልጄ ቃሉን ነው የሳተው እንጂ ነገሩን አልሳተም' አለ። ቀይዋን ደግሞ ከዳሞታ ተራራ ሥር ራሱ መርጦ አመጣት፤ በኋላ የሚመጣ ሰው ከየት እንደሚጀምር ይወቅ አለ። አሳምሮ የሸፈነው ሆን ብሎ ነው። 'ልጄ ሲመለስ ምሰሶዎቹ የት አሉ ብሎ ይጠይቀኛል፣ ያን ጊዜ አሳየዋለሁ፣ እንስቃለን' ይል ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"አልጠየቅኸውማ" አሉ ጋሽ ቦልቴ። "ጠበቀህ። በኋላ እሱም ኩራት ያዘው። አንጁሎ አይደል?"

አንድ ድንጋይ አንስቼ ማየት እችል ነበር። አንድ ቃል መጠየቅ እችል ነበር። ያልነበረን ጥፋት ሁለት ዓመት ስሸፍን ኖርኩ፣ ከዚያ በሞቱበት ሳምንት በሰው ፊት ገለጥኩት።

ዶክተሩ ጋ ሄጄ "አባቴ አላጠፉም" አልኩት። "አየሁ" አለኝ። ሲስተር የማርያምወርቅ ከመድኃኒት መደርደሪያው ዞር ሳትል "እኔ ብዬ ነበር" አለች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

አዲሱ ክፍል በአምስት ቀን ቆመ። የሳሊህ ቆርቆሮ፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ሠላሳ ሁለት አልጋ። በረንዳው ባዶ ነው። ዝናቡም አባርቷል።

በአዲሱ ክፍል ሰሜን ጫፍ ሁለት ምሰሶ አቁመን፣ መካከሉን ያለ ሸክም ዘጋነው። ቀይዋን ድንጋይ ከላይ በግራ ጋሽ ቦልቴ አስገቧት። ፕላኑ ላይ ቀዩን ጽሑፍ ሰርዤ *የሚነሳ* ብዬ ጻፍኩ። ሽታዬ ቃሉን ስታየው ሐዘኑ ይቀሰቀስባታል ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን አየችውና "እሳቸውም ይነሳሉ" አለችኝ፣ እንደምናምነው።

ማታ ወደ ቤት ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ለካሁ። የሕንፃ ኃላፊ ነኝ፣ መለካት ሥራዬ ነው። አባባ ከተኙበት የበረንዳው ጫፍ ግድግዳው እስከነበረበት ስምንት እርምጃ ነው።